በአንድም የፈታሁት ዘፈን

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ እፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት ሳቀብላቸው ኖሬአለሁ፤ ሐሜቱን፣ የተገደፈውን ጾም፣ በጎረቤት ላይ የያዝኩትን ቂም። እሳቸውም ስግደት አዘው ይሸኙኛል። ትልቁን ግን እንደተቋጠረ ይዤው ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ስለዚህ አንተ የማላውቅህ አንባቢ፣ ዛሬ የንስሐ አባት ልትሆነኝ ነው። ስግደት ማዘዝ አይጠበቅብህም፤ ጉልበቴም አይችልም። ብቻ ስማኝ።

ነገሩ በአንድ ጅልነት ይጀምራል። የዚያን እሑድ ጠዋት ቴፑ ላይ ጥቁሩን ቁልፍ ብቻ መጫን ሲገባኝ ቀዩንም አብሬ ተጫንኩት። ድምፁ አነስ ስላለብኝ፣ በሁለት ጣት ብጫነው ይጎላል ብዬ ነው። ይህን ያሰብኩት እኔ፣ በላሊበላ ከተማ የፈረንጅ ነገር አዋቂ የምባለው ፈንታው ነኝ። ቴፑ ጭራሽ ዝም አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝም። ጉንፋን ይዞኝ ነበርና እላዩ ላይ ሳልኩበት፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ደግሜ ሳልኩ። ተናድጄ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስነካካ ዘፈኑ ተመልሶ መጣ። «አወቅሁበት!» አልኩ። ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ መቶ ሰው ፊት ነው።

ቴፑ የእኔ አልነበረም። የማን እንደነበረና እኔ ዘንድ ምን እንዳመጣው ከመናገሬ በፊት፣ እንዴት ያለ አስተርጓሚ እንደነበርኩ ልንገርህ።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ ከዚያ ትርጓሜ ቤት ገብቼ ሁለት ክረምት ቁራሽ ለምኜበታለሁ። በትርጓሜ ቤት መምህሩ ጥቅሱን አንድ ጊዜ ፈትተው አያልፉም። «አንድም» ይሉና ሌላ ፍቺ ይሰጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሌላ ይደርቡበታል። ለያንዳንዱ «አንድም» ግን መጽሐፍ አላቸው። እኔ መጽሐፉን እዚያው ትቼ «አንድም»ን ብቻ ይዤ ጠፋሁ። ከተማ ወርጄ አስጎብኚ ሆንኩ። እንግሊዝኛዬን ያስተማሩኝ ጎብኚዎች ናቸው፤ «ጭንቅላትዎን ይጠብቁ»፣ «ጫማዎን እዚህ ያውልቁ»፣ «ይህ ሁሉ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው» እስከማለት ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ ሲመጣ «አንድም» እላለሁ። አምድ ላይ ስላለች አንዲት ጭረት ቢጠይቁኝ አራት ምክንያት እሰጣለሁ፤ አራቱንም እዚያው ቆሜ የወለድኳቸው። ፈረንጁ ይጽፋል፤ እኔ ደስ ይለኛል። «አላውቅም» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛም አውቀው ነበር። ተጠቅሜበት ግን አላውቅም።

ቴፑ የዲያቆን ምስጋናው ነበር። ምስጋናው ከአሸተን ማርያም ግርጌ ካለችው መንደራችን የሚኖር፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው የዜማ ተማሪ ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት የዜማ መምህሩ፣ የኔታ ናቸው። የኔታ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ጠዋት በምስጋናው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጥለው ወደ ማሕሌት ሲሄዱ ላየ፣ ማን ማንን እንደሚመራ ያጠራጥር ነበር፤ እሱ በእግር ይመራቸዋል፣ እሳቸው በዜማ ይመሩታል። በዚያ ዓመት ጥር የቄሰ ገበዙን ልጅ ብርቄን በቁርባን ሊያገባ፣ ከዚያም ሊቀስስ ቀን ተቆርጦለት ነበር።

እኔ ምስጋናውን አልወደውም ነበር። ለምን? አንድ ቀን አሸተን ላይ ለአንዲት ፈረንጅ ስለ አንድ መስቀል አንዱን ከሌላው እያያዝኩ ስተርክ ቆሞ ሲሰማ ቆየና፣ ቀረብ ብሎ በትሕትና «አያ ፈንታው፣ ይሄ እንኳ በገድሉም የለ። ከየት አገኙት?» አለኝ። ሴትዮዋ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። «ትርጓሜዎ ግሩም ነው እያለኝ ነው» አልኳት። ለካ ልጁ ጥቂት እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ሳቀ። በክፋት አልሳቀም። አሁን ሳስበው እኔም አብሬው ብስቅ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ያን ሳቅ እንደ እሾህ ተክዬው ከረምኩ።

ቴፑን ያገኘው በበጎ ሥራ ነው። ከአሸተን ቁልቁለት ላይ ወድቆ እግሩ የዞረበትን ፈረንጅ በጀርባው አዝሎ ከተማ ድረስ አወረደው። ፈረንጁ የሚሰጠው ቢያጣ የሚያዳምጥበትን ቴፕ ከነካሴቱ አስጨበጠው። ካሴቱ ሰውየው ራሱ የቀዳው፣ ሮክ የሚሉት ዘፈን ነበር። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይወርዳል፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጣራል። ምስጋናው ከውስጡ አንዱን ዘፈን ወደደ። ማሳ ሲወርድም እንጨት ሲፈልጥም ያንኑ ያሰማል። ምን እንደሚል ሲጠይቁት፣ «ቃሉን አላውቀው፤ ዜማው ግን የሐዘን ነው። ሰውየው ደጅ ቆሞ የሚያለቅስ ይመስለኛል» ይላቸው ነበር።

በጥቅምት በረዶ ወረደ። ሊታጨድ የደረሰውን ገብስ ከመሬት ጋር አጣበቀው። ሰው የሚከሰው አጥቶ ዙሪያውን ሲያይ፣ በመንደሩ ውስጥ የዚያን ዓመት እንግዳ ነገር የዲያቆኑ ቴፕ ብቻ ሆነ። «ዲያቆን ሆኖ ጋኔን ያስጮኻል» ተባለ። ቄሰ ገበዙ ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ጭንቅ ገባቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ሳይጣራ አይፈረድም፤ የፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቅ ይፍታውና እንስማው» አሉ። ምስጋናው ይህን ሲሰማ ተደስቶ፣ «አያ ፈንታው ይፍቱት፤ እኔም ምን እንደሚል ማወቅ ናፍቆኛል» አለ አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቴፑን ራሱ አምጥቶ አስረከበኝ። በሁለት እጁ።

ያን ዘፈን ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ደጋግሜ አስጮኽሁት። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የያዝኳቸው ቃላት ሦስት ነበሩ፤ ፋየር፣ ዶር፣ ፋዘር። እሳት፣ በር፣ አባት። ሌላው ሁሉ በጆሮዬ እንደ ጎርፍ አለፈ። እሑድ ጠዋት አራተኛ ቃል ልፈልግ ስታገል ነው እንግዲህ ቀዩን ቁልፍ የተጫንኩት።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ በግንቡ ጥግ፣ ብርቄ ከእናቷ ኋላ ተከልላ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምስጋናው አጠገባቸው ቆሟል።

«በል ፈንታው፣ አንተ የሁለት ቋንቋ ሰው» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «ሳትጨምር ሳትቀንስ ፍታልን።»

ቴፑን ከፈትኩት። የባትሪው ድንጋይ ደክሟል፤ ያደከምኩት እኔው ነኝ። የዘፋኙ ድምፅ ወፍሮ፣ ተጎትቶ፣ እንደ በሬ እያጓራ ወጣ። ይህንንም መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ፋየር ሲል አስቆምኩት።

«እሳት ይላል» አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም እውነት ነበር። ግን ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል፤ እንዲህ ታይቼ አላውቅም።

«እሳት ያለው ገሃነምን ነው። አንድም እሳት ያለው ከሰማይ የሚወርደውን መቅሠፍት ነው፤ ገብሱን የመታውን።»

«ኧረ ገብሱን የመታው በረዶ ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«በረዶም ያቃጥላል» አልኳቸው።

«እሱስ እውነት ነው» ብለው ተቀበሉኝ! ከዚያ ወዲያ ማን ይይዘኛል? በር ሲል «በር ክፈቱልኝ ይላል» አልኩ፤ «አንድም የሲኦልን በር ነው፤ አንድም የዚህን ልጅ የልቡን በር ነው።» አባት ሲል ቄሰ ገበዙ ወደ ፊት አዘንብለው «ማንን ነው አባት የሚለው?» አሉኝ። «እሱን እንኳ ደፍሬ በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን አልጠራውም» አልኩ። የማላውቀውን ነገር በክብር መዝለል ይህን ያህል ይቀላል።

«አያ ፈንታው፣ በማርያም ይዤዎታለሁ!» አለ ምስጋናው። «ዜማውን ይስሙት እንጂ። ጋኔን እንዲህ ያለቅሳል?»

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ። «ልጄ ጆሮው ስቶ አያውቅም» አሉ። «እስኪ ፍቺውን ለጊዜው ተዉትና ዜማውን አሰሙኝ።»

ነገሩ ወደ ምስጋናው እያዘነበለ ነበር፤ ሁላችንም አወቅነው። የኔታ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ። ጊታሩ ተጎተተ፤ ሰውየው ተጣራ፤ ድንገት ሁሉም ተቋረጠ። ከዝምታው ውስጥ አንድ ነገር አጓራ። ወፍራም፣ ቀርፋፋ፣ ከምድር በታች የሚመጣ የሚመስል። ዝም አለ። ደግሞ አጓራ። ሴቶቹ አማተቡ፤ የታዘለ ሕፃን በእሪታ አለቀሰ።

ሳሌ ነበር።

ሰው የራሱን ሳል ያጣዋል? ጉሮሮዬን የጠረግኩበት እንኳ ሳይቀር፣ በደከመ ባትሪ ተጎትቶ፣ አውሬ ሆኖ ወጣ። ቀዩ ቁልፍ ድምፅ መቅጃ እንደሆነ፣ ጠዋት ዘፈኑን አጥፍቼ ሳሌን እንደቀዳሁበት ያን ጊዜ ገባኝ።

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄስ ፈንታው?»

ስማኝ አንባቢዬ፤ የመጣሁት እዚህ ላይ ልደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ያደረግሁትን ድንቁርና በለው፤ ልታይ ባይነት በለው፤ ቂም በለው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከውሸት በቀር ሌላ ስም አይገኝለትም። «አባቴ፣ ይሄ የእኔ ሳል ነው፤ ጠዋት ቁልፍ ተሳስቼ ነው» ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ይስቁብኝ ነበር። በቃ። ምናልባት አንድ ዓመት ሙሉ፣ ባሳልኩ ቁጥር ልጆች «እሱ መጣ!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ይህን ለመሸሽ ነው እኔ ሰው ያቃጠልኩት? አዎ፤ ይህንን ለመሸሽ ነው። የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ የለም።

«ይሄማ አይፈታም» አልኩ። «ይሄ የሰው ድምፅ አይደለም።»

ያን ጊዜ ምስጋናውን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ካሴት መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ይህን ድምፅ ግን ሰምቶት አያውቅም። ለምን እንዲህ እንደደነገጠ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሲከራከርልኝ የነበረውን ካሴት ከቴፑ አወጣ፤ ከቅጥሩ ውጪ ወስዶ በገዛ እጁ በድንጋይ ቀጠቀጠው። የኔታ «ምስጋናው፣ ልጄ፣ የት ነህ?» እያሉ በእጃቸው አየሩን ይዳስሱ ነበር። አልመለሰላቸውም። እኔ ከሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። እኔም አልመለስኩላቸውም።

ማንም አላባረረውም። ቄሰ ገበዙ «ንስሐ ግባ፣ ጠበል ተጠመቅ፣ ከዚያ እናያለን» ነው ያሉት። በዚያው ሳምንት ግን ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። ወገል ጤና የምትባል ከተማ ገባ ተባለ። ብርቄ ሁለት ዓመት ጠብቃ ለሌላ ተዳረች። የኔታን ሌሎች ተማሪዎች እየተፈራረቁ መሯቸው፤ እሳቸው ግን ይደናቀፉ ነበር፤ አይቻለሁ። ሲሞቱ ምስጋናው ለቀብር አልመጣም። ቀባሪው ሁሉ «እንዲህ ያለ ጨካኝ!» እያለ ሲያማው፣ እኔም ራሴን ነቅንቄአለሁ። አዎ፣ ነቅንቄአለሁ።

ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። ልጄ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ሆናለች። አምና አንድ ከሰዓት ለተማሪዎቿ መልመጃ የሚሆን ዘፈን በስልኳ ስትመርጥ ያ ጊታር ጮኸ። አላውቀውም ልበል? ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ምን ይላል?» አልኳት።

«እንዴ አባባ፣ የፈረንጅ ቋንቋ አዋቂው አንተ አይደለህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ቃሉን እያነበበች ነገረችኝ። ከአባቱ ተጣልቶ የኖረ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። ምድጃው ውስጥ እሳቱ ጠፍቷል። አባትየው ተቀብረዋል፤ እሱ አላወቀም። ደጅ ቆሞ «አባቴ ክፈትልኝ» እያለ ይጣራል። ይኸው ነው። እሳቱ ምድጃ ነው፤ በሩ በር ነው፤ አባቱም አባቱ ነው። አንድም የለውም።

ዘፈኑ ያን ቦታ ሲደርስ፣ ታምነኛለህ? ሳሌን ጠበቅሁ። አልመጣም። እኔ ባጠፋሁት ቦታ ላይ፣ ጊታሩ ሁሉ ዝም ብሎ፣ ሰውየው ከዘፈኑ ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ይናገራል። ልጄን አስደገምኳት። «ለአንተ ያልነገርኩህን ለማን ልንገረው ነው የሚለው» አለችኝ። የኔታ ጆሯቸውን አስጠግተው ሊሰሙት የነበረው እሱን ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ዜማው ግን ይነግራቸው ነበር።

ዘንድሮ ከዐቢይ ጾም በፊት በጋሸና አድርጌ ወገል ጤና ሄድኩ። ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ሆኖ አገኘሁት፤ ፀጉሩ ነጥቷል፣ መነጽር አድርጓል፣ በእግሩ መኪናውን ይረግጣል።

«አያ ፈንታው! እርስዎ ነዎት? ኧረ እንዴት እስካሁን አልሞቱም!»

«ሞትማ መጥቶ ነበር» አልኩት፤ «አብያተ ክርስቲያናቱን አስጎብኝቼ ሸኘሁት።»

ሳቀ። ያው ሳቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። በርጩማ አቀረበልኝ፣ የኮቴን የተቀደደ እጅጌ አይቶ ሳልለምነው አስወልቆኝ ይሰፋ ጀመር። ስለ ሚስትና ልጆች ጠየቅሁት። «እኔ ማንን አገባለሁ አያ ፈንታው?» አለ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ። የመጣሁበትን እንደምንም ብዬ ጀመርኩት።

«ያ ቴፕ ትዝ ይልሃል?»

እግሩ መርገጡን አቆመ።

«እርስዎ ምን ያድርጉ» አለኝ። «የሰሙትን ነው የፈቱት። አልተቀየምኩዎትም፤ በእውነት። ያ ድምፅ ግን ካሴቱ ላይ አልነበረም። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የዚያን ቀን፣ በቅጥሩ ውስጥ ነው የገባው። እንግዲህ በእኔ ላይ የነበረ ነገር ነው ማለት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ከደጀ ሰላም አላልፍም። ከደጅ ሆኜ ነው የማስቀድሰው።»

አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ ሳል ነበር። እየተንፈራፈርኩ ሳልኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ደግሜ ሳልኩ። እሱ ተነሥቶ ውኃ አመጣልኝ፣ ጀርባዬን በመዳፉ መታ መታ አደረገኝ፣ «እግዚአብሔር ይማርዎት» አለኝ። ውኃውን ጠጣሁ። አልነገርኩትም።

ኮቴን ሰፍቶ አለበሰኝ። እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ ያዘኝ። «ይተዉት። ይልቅ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የኔታ መቃብር ላይ አንድ ጧፍ ያብሩልኝ። ምስጋናው ነው የላከው ይበሏቸው።»

«እሺ» አልኩት።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው አንተ ዘንድ አይደለም። ወገል ጤና ሩቅ ነው አልልህም፤ መኪና በየቀኑ አለ። አርጅቻለሁም አልልህም፤ መቃብሩ ድረስ ሦስት ጊዜ በእግሬ ሄጄ ተመልሻለሁ። ክብሪቱን እጭራለሁ፣ «ምስጋናው ነው የላከው» ልል አፌን አስተካክላለሁ፤ የኔታ «ታዲያ እሱ ራሱ የት ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ይመስለኛል፤ ክብሪቱ ጣቴን ይለበልበኛል፤ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ይኸው እስከዚህች ቀን ለምስጋናው አንድ ጧፍ አለብኝ።